በግፊት የሚወለዱት ሱፐርኮንዳክተሮች፦ “ከባድ” ኤሌክትሮኖች ለሳይንስ ምን አስተማሩ?

ከኦክላንድ መሃል ከተማ ተነስቶ ወደ ሰሜን የሚዘልቀው የቴሌግራፍ ጎዳና በሳን ፍራንሲስኮ ቤይ አካባቢ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን እንግዳ አይደለም። በግራና በቀኙ እንጀራና የጀበና ቡና የሚያቀርቡ ምግብ ቤቶች አሉ። ጎዳናው የሚያበቃው ግን በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የበርክሊ ቅጥር ግቢ ደጃፍ ላይ ነው።

በዚያ ቅጥር ግቢ፣ በአውሮፓውያኑ 1933፣ ዊልያም ጂዮክ የተባሉ የኬሚስትሪ ተመራማሪ በማግኔት የሚሠራ የማቀዝቀዣ ዘዴ ተጠቅመው አንድን ጨው ከፍጹም ዜሮ በላይ ሩብ ዲግሪ ብቻ እስኪቀረው ድረስ አቀዘቀዙት። ፍጹም ዜሮ የሚባለው ከዚያ በታች ቅዝቃዜ የሌለበት ወሰን ሲሆን፣ በተለመደው መለኪያ ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ጂዮክ በዝቅተኛ ሙቀት ላይ ባደረጓቸው ጥናቶች በ1949 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተቀበሉ።

ያ ቅዝቃዜ ለዕለት ተዕለት ሕይወት የሚፈይደው ነገር ያለ አይመስልም። ይሁን እንጂ ከዓመታት በኋላ የፊዚክስን አንድ ትልቅ እምነት የናዱ ብረታማ ውህዶች ምሥጢራቸውን የገለጡት በዚህ ዓይነት ቅዝቃዜ ውስጥ ነው። አንዳንዶቹ ደግሞ መቀዝቀዝ ብቻውን አልበቃቸውም። በውቅያኖስ ወለል ላይ ካለው በብዙ እጥፍ በሚበልጥ ግፊት መጨመቅ ነበረባቸው።

እነዚህ ውህዶች “ሄቪ ፈርሚዮን” ወይም “ከባድ ፈርሚዮን” ቁሶች ይባላሉ።

ተቃውሞ የሌለው ፍሰት

ኤሌክትሪክ በመዳብ ሽቦ ውስጥ ሲያልፍ ሽቦው ይሞቃል። ኤሌክትሮኖች በጉዟቸው ላይ ከሚንቀጠቀጡ አቶሞችና ከሽቦው እንከኖች ጋር እየተጋጩ ጉልበታቸውን በሙቀት መልክ ያጣሉ። ከኃይል ማመንጫ የወጣው ኤሌክትሪክ በሙሉ ቤት የማይደርስበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ከታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተነስቶ ወደ ሆለታ የሚመጣው ኤሌክትሪክ በ500 ኪሎ ቮልት ከፍተኛ መስመር የሚጓዘውም ይህን ብክነት ለመቀነስ ነው።

በ1911 ኔዘርላንዳዊው ሄይከ ካመርሊንግ ኦነስ ሜርኩሪን እስከ 4 ኬልቪን አካባቢ፣ ማለትም ከዜሮ በታች ወደ 269 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያቀዘቅዙ ግን ያልጠበቁት ነገር ገጠማቸው። የኤሌክትሪክ ተቃውሞው በድንገት ጠፋ። ይህን ጠባይ የሚያሳዩ ቁሶች ሱፐርኮንዳክተር ተባሉ። ዛሬ በሆስፒታሎች የሚገኙ አብዛኞቹ የኤምአርአይ ማሽኖች የሚሠሩት በፈሳሽ ሂሊየም በሚቀዘቅዙ የሱፐርኮንዳክተር ማግኔቶች ነው።

ነገሩ ለምን እንደሚሆን ለማስረዳት 46 ዓመታት ፈጀ። በ1957 ሦስት አሜሪካውያን፣ ጆን ባርዲን፣ ሊዮን ኩፐርና ሮበርት ሽሪፈር፣ መልሱን አገኙ። እንደ ንድፈ ሐሳባቸው ከሆነ ኤሌክትሮኖች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይጓዛሉ። የሚያጣምራቸውም የአቶሞቹ ንቅናቄ ነው። የተጣመሩት ኤሌክትሮኖች ሁሉ በአንድነት ስለሚንቀሳቀሱ መንገድ ላይ የሚገታቸው ነገር አይኖርም።

ከዚህ ንድፈ ሐሳብ አንድ ጥብቅ መደምደሚያ ይከተላል። ማግኔታዊነት የጥንዶቹ ጠላት ነው። የተለመዱት ጥንዶች የሚሠሩት በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሽከረከሩ ሁለት ኤሌክትሮኖች በመሆናቸው፣ አንድ ማግኔታዊ አቶም በመካከላቸው ሲገባ ይለያያሉ። በ1950ዎቹ መጨረሻ በተደረጉ ሙከራዎች ላንታነም በተባለው ብረት ውስጥ አንድ በመቶ ያህል ማግኔታዊ የሆነ ጋዶሊኒየም ሲጨመር ሱፐርኮንዳክተርነቱ ጠፍቷል።

“ከባድ” ሲባል ምን ማለት ነው?

ሴሪየምና ዩራኒየምን በመሳሰሉ ንጥረ ነገሮች ውስጥ ከአቶሙ ርቀው የማይሄዱ፣ እያንዳንዳቸው እንደ ጥቃቅን ማግኔት የሚሆኑ ኤሌክትሮኖች አሉ። በብረቱ ውስጥ እንደልባቸው የሚዘዋወሩት ሌሎቹ ኤሌክትሮኖች ሙቀቱ በጣም ሲቀንስ ከእነዚህ ጥቃቅን ማግኔቶች ጋር ይቆራኛሉ።

በገበያ ቀን መርካቶን አቋርጦ ማለፍ የሚፈልግ ሰውን ማሰብ ይቻላል። ሰውየው ክብደቱ አልጨመረም። ነገር ግን በየእርምጃው የሚያውቀው ሰው እጁን እየያዘ ሰላምታ ሲያቀርብለት አካሄዱ ከባድ ሸክም የተሸከመ ያስመስለዋል። በእነዚህ ቁሶች ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖችም ከነፃ ኤሌክትሮን በመቶዎች፣ አንዳንዴም እስከ አንድ ሺህ እጥፍ የሚከብዱ ሆነው ይንቀሳቀሳሉ።

ክብደቱ የሚታወቀው በሚዛን አይደለም። ተመራማሪዎች ቁሱን በጥቂቱ ለማሞቅ ምን ያህል ጉልበት እንደሚያስፈልግ ይለካሉ። ኤሌክትሮኖቹ በከበዱ ቁጥር የሚፈለገው ሙቀት ይጨምራል።

በ1979 ጀርመናዊው ፍራንክ ሽቴግሊሽና ባልደረቦቻቸው ከሴሪየም፣ ከመዳብና ከሲሊከን የተሠራ አንድ ውህድ ከፍጹም ዜሮ በላይ ግማሽ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ሱፐርኮንዳክተር እንደሚሆን አስታወቁ። ዜናው ብዙዎችን አላሳመነም። በውህዱ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ የሴሪየም አቶም ማግኔታዊ ነው። አንድ በመቶው ብቻ ያፈርሰዋል በተባለበት ቦታ፣ የውህዱ አንድ ዋና ክፍል በሙሉ “ጠላት” ነበር።

ይበልጥ የሚያስገርመው ቀጥሎ የመጣው ነው። ሴሪየሙ ወጥቶ ማግኔታዊ ባልሆነው ላንታነም ሲተካ ውህዱ ሱፐርኮንዳክተር መሆኑን አቆመ። ጠላት የተባለው ማግኔት ለካ አስፈላጊ ነበር።

አስቀድሞ የታየና ያልታመነ

ሽቴግሊሽ ከማሳወቃቸው በፊት፣ በ1975፣ በአሜሪካ የቤል ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች ከዩራኒየምና ከቤሪሊየም በተሠራ ውህድ ውስጥ ተመሳሳይ ምልክት አይተው ነበር። ሆኖም በናሙናው ውስጥ የቀሩ ቀጫጭን የዩራኒየም ክሮች ያመጡት ነው ብለው አለፉት። የውህዱ እውነተኛ ጠባይ የታወቀው ከስምንት ዓመታት በኋላ፣ በ1983 ነው።

ስህተቱ ከቸልተኝነት የመጣ አልነበረም። የኤሌክትሪክ ተቃውሞ በቀላሉ ያሳስታል። በአንድ ቁራጭ ብረት ውስጥ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ አንድ ቀጭን የሱፐርኮንዳክተር ክር ካለ፣ ኤሌክትሪኩ በእርሱ በኩል ያልፍና ሙሉ ቁራጩ የተለወጠ ይመስላል። ሙቀትን መለካት ግን የናሙናውን እያንዳንዱን ክፍል ይቆጥራል። ጥቂቱ ብቻ ከተለወጠ ምልክቱም ጥቂት ይሆናል።

ከጂዮክ ዘመን ጀምሮ በዝቅተኛ ሙቀት ሥራ የታወቀው በርክሊ አስተዋጽዖ ያደረገው በዚህ ረገድ ነው። በ1989 ሮበርት ፊሸር፣ ኖርማን ፊሊፕስና አብረዋቸው የሠሩ ተመራማሪዎች ከዩራኒየምና ከፕላቲነም የተሠራ ውህድን ሙቀት በጥንቃቄ ለኩ። አንድ ለውጥ ይታያል ተብሎ በሚጠበቅበት ሁለት፣ እርስ በርሳቸው በጣም የተቀራረቡ ለውጦች አገኙ።

ይህም ማለት ቁሱ አንድ ጊዜ ሱፐርኮንዳክተር ከሆነ በኋላ፣ ይበልጥ ሲቀዘቅዝ ወደ ሌላ ዓይነት ሱፐርኮንዳክተርነት ይሸጋገራል ማለት ነው። በ1957ቱ ንድፈ ሐሳብ የተገለጹት ተራ ጥንዶች እንዲህ ያለ ሁለት መልክ የላቸውም። ጥንዶቹ የሚፈጠሩበት መንገድ ከተለመደው የተለየ መሆኑን ያመለከተ ጠንካራ ማስረጃ ነበር።

ከ25 ዓመታት በኋላ ጉዳዩ ከኦክላንድና ከሳን ሆዜ መካከል በሚገኘው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እንደገና ተነሳ። ኤልዛቤት ሼምና አሮን ካፒቱልኒክ ከባልደረቦቻቸው ጋር በዚያው ውህድ ላይ ብርሃን አሳርፈው ሲንጸባረቅ አቅጣጫው ምን ያህል እንደሚዞር ለኩ። በ2014 ባሳተሙት ውጤት ብርሃኑ እጅግ ጥቂት መዞሩን፣ ይህም የሚሆነው በሁለተኛውና በቀዝቃዛው ደረጃ ላይ ብቻ መሆኑን አሳዩ። ጥንዶቹ በዚያ ደረጃ የራሳቸውን ጥቃቅን ማግኔታዊ አቅጣጫ ይዘው ይገኛሉ ማለት ነው።

መጨመቅ ለምን አስፈለገ?

የአንድን ቁስ ጠባይ ለመለወጥ የተለመደው መንገድ ሌላ ንጥረ ነገር መጨመር ነው። ችግሩ፣ የተጨመረው ነገር የራሱን ሁከት ይዞ ይመጣል። ግፊት ግን ምንም ባዕድ ነገር ሳያስገባ አቶሞቹን ብቻ ያቀራርባል። የሬዲዮ ጣቢያ ለመፈለግ ቁልፍ ቀስ አድርጎ እንደማዞር ያለ ነው።

ከሴሪየም፣ ከሮዲየምና ከኢንዲየም የተሠራው ውህድ ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ነው። በተለመደው የከባቢ አየር ግፊት ሥር ሲቀዘቅዝ ጥቃቅን ማግኔቶቹ በተቃራኒ አቅጣጫ እየተፈራረቁ ይደረደራሉ፤ ሱፐርኮንዳክተርነት ግን መጀመሪያ ላይ አልታየበትም። በ2000 በሎስ አላሞስ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ የተመራ ቡድን ውህዱን በከባቢ አየር ግፊት 16 ሺህ እጥፍ ገደማ ሲጨምቀው በ2 ኬልቪን አካባቢ ሱፐርኮንዳክተር ሆነ። ይህ ግፊት በዓለም ጥልቅ በሆነው የማሪያና ገደል ወለል ላይ ካለው ወደ 15 እጥፍ ይሆናል።

በርክሊዎቹ ፊሸርና ፊሊፕስ ከሎስ አላሞስ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው በ2002 የዚህን ውህድ ሙቀት እስከ 21 ሺህ የከባቢ አየር ግፊት ድረስ ለክተው አሳተሙ። ግፊቱ ሲጨምር ማግኔታዊው ሥርዓት እንዴት እየደከመ ለሱፐርኮንዳክተርነት ቦታ እንደሚለቅ ደረጃ በደረጃ የታየበት ሥራ ነው።

በዚህ መካከል፣ በ1998፣ የብሪታኒያው ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሁለት ሌሎች የሴሪየም ውህዶች ላይ ተመሳሳይ ነገር አሳይተው ነበር። ሱፐርኮንዳክተርነቱ የሚታየው ማግኔታዊው ሥርዓት በግፊት ምክንያት ሊጠፋ በተቃረበበት ጠባብ ስፍራ ላይ ነው። በዚያ ስፍራ ማግኔቶቹ ተደርድረው አይቆሙም፤ ፈጽመውም አይጠፉም፤ ይዋልላሉ።

አብዛኞቹ የዘርፉ ተመራማሪዎች ዛሬ የሚስማሙበት ሐሳብ ከዚህ ይነሳል። ኤሌክትሮኖቹን የሚያጣምራቸው ይኸው የማግኔቶቹ መዋለል ነው። በ1957ቱ ንድፈ ሐሳብ የአቶሞች ንቅናቄ የሠራውን ሥራ እዚህ ማግኔታዊነት ይሠራዋል። ይሁን እንጂ ለሁሉም የሄቪ ፈርሚዮን ቁሶች የሚሠራ፣ ሁሉም የተቀበለው አንድ ንድፈ ሐሳብ እስካሁን የለም።

በሁለት አልማዞች መካከል

ይህን ያህል ግፊት ለመፍጠር የግድ ግዙፍ መሣሪያ አያስፈልግም። ግፊት ማለት ኃይል ለሚያርፍበት ስፋት ሲካፈል ነው። መርፌ በቀላሉ ጨርቅ የሚበሳው ጫፉ ቀጭን ስለሆነ ነው። ተመራማሪዎችም ጫፋቸው የተስተካከለ ሁለት አልማዞችን ፊት ለፊት አድርገው ከአሸዋ ቅንጣት ያነሰ ናሙና በመካከላቸው ይጨምቃሉ። መሣሪያው በእጅ መዳፍ ላይ ይቀመጣል።

አስቸጋሪው ነገር በዚያ ጥቃቅን ስፍራ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሽቦ ማስገባት ነው። ሽቦው በግፊቱ ይበጠሳል ወይም ይደፈጠጣል። ከኦክላንድ በስተ ምሥራቅ በሚገኘው የሎረንስ ሊቨርሞር ብሔራዊ ቤተ ሙከራ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከአላባማ ዩኒቨርሲቲ በርሚንግሃም ጋር በመተባበር ለዚህ መላ አበጁ። ቀጫጭን የብረት መስመሮችን በአልማዙ ጫፍ ላይ ከዘረጉ በኋላ በላያቸው አዲስ የአልማዝ ንጣፍ ያሳድጋሉ። ሽቦዎቹ በአልማዙ ውስጥ ስለሚቀበሩ ግፊቱ አይጎዳቸውም። በዚህ ዓይነት አልማዝ የሄቪ ፈርሚዮን ቁሶችም ተጠንተዋል።

አካባቢው ከዘርፉ ጋር ሌላም ዝምድና አለው። ኔፕቱኒየምና ፕሉቶኒየም የተባሉት ንጥረ ነገሮች በ1940 እና በ1941 ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኙት በበርክሊ ነው። ፕሉቶኒየም በዓለም ዘንድ የታወቀው በናጋሳኪ ላይ በተጣለው ቦምብ ነው። በ2002 ግን ከፕሉቶኒየም፣ ከኮባልትና ከጋሊየም የተሠራ ውህድ በ18.5 ኬልቪን ሱፐርኮንዳክተር መሆኑ ተገለጸ። ይህም ከሴሪየም ዘመዶቹ ወደ ስምንት እጥፍ የሚጠጋ ነው።

ከሳን ሆዜ የመጣው ሌላው መስመር

በቤይ አካባቢ ደቡባዊ ጫፍ ያለችው ሳን ሆዜ በኮምፒውተር ኢንዱስትሪ ትታወቃለች። በዚያ የሚገኘው የአይቢኤም የምርምር ማዕከል ግን በሱፐርኮንዳክተር ታሪክም ስፍራ አለው። በ1975 የማዕከሉ ተመራማሪዎች ከድኝና ከናይትሮጅን ብቻ የተሠራ፣ ምንም ብረት የሌለበት ሰንሰለታማ ቁስ ሱፐርኮንዳክተር እንደሚሆን አሳዩ። በ1988 ደግሞ ታሊየም የተባለ ንጥረ ነገር ባለበት የመዳብ ኦክሳይድ ውህድ በ125 ኬልቪን፣ ማለትም ከዜሮ በታች በ148 ዲግሪ ሴልሺየስ ሱፐርኮንዳክተርነትን አስመዘገቡ። በጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን ነበር።

ያ ወቅት የጋለ ነበር። በ1987 የማዕከሉ ፊዚክስ ተመራማሪ ፖል ግራንት ከሳን ሆዜ በስተ ደቡብ ባለችው ጊልሮይ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የራሳቸውን የመዳብ ኦክሳይድ ሱፐርኮንዳክተር እንዲሠሩ ረድተዋል።

የመዳብ ኦክሳይዶችና ሄቪ ፈርሚዮኖች በመልክም በሙቀትም አይገናኙም። አንዱ በፈሳሽ ናይትሮጅን ይሠራል፤ ሌላው በአብዛኛው ፈሳሽ ሂሊየምም አይበቃውም። የሚያመሳስላቸው ግን ዋናው ጉዳይ ነው። በሁለቱም ዘንድ ሱፐርኮንዳክተርነት የሚበቅለው ከማግኔታዊ ሥርዓት ጎረቤት ነው። ለዚህም ነው ተመራማሪዎች በቀዝቃዛዎቹ ቁሶች ላይ የተማሩትን ወደ ሞቃቶቹ ለማሻገር የሚጥሩት።

ተስፋና ጥርጣሬ

ግፊት በሌላ አቅጣጫም ትልቅ ውጤት አምጥቷል። በ2015 ድኝና ሃይድሮጅን ያለበት ውህድ በ1.5 ሚሊዮን የከባቢ አየር ግፊት ሥር በ203 ኬልቪን ሱፐርኮንዳክተር መሆኑ ታየ። ይህም ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። በ2019 ደግሞ ከላንታነምና ከሃይድሮጅን የተሠራ ውህድ 250 ኬልቪን ደረሰ። በእነዚህ ውስጥ ኤሌክትሮኖችን የሚያጣምረው ግን ማግኔት ሳይሆን የቀድሞው የአቶሞች ንቅናቄ ነው።

ከእውነተኛው ግኝት ጎን ሐሰተኛ ተስፋም መጣ። በክፍል ሙቀት የሚሠራ ሱፐርኮንዳክተር አግኝተናል ያሉ ሁለት ጽሑፎችን ኔቸር የተባለው መጽሔት በ2022 እና በ2023 ሰርዟቸዋል። በ2023 ክረምት ኤልኬ-99 የተባለ ቁስ ከደቡብ ኮሪያ ሲታወጅ የበርክሊ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ባልደረባዋ ሺኔድ ግሪፊን በኮምፒውተር የሠሩት ስሌት በማኅበራዊ ሚዲያ እንደ ማረጋገጫ ተሠራጨ። ስሌቱ ግን የኤሌክትሮኖቹን አደራደር የሚመረምር እንጂ ቁሱ ሱፐርኮንዳክተር ነው የሚል አልነበረም። በሳምንታት ውስጥ በተለያዩ አገሮች የሚገኙ ቤተ ሙከራዎች ቁሱን ራሳቸው ሠርተው ሱፐርኮንዳክተር አለመሆኑን አሳዩ።

በ1975 እውነተኛ ግኝት እንደ ስህተት ታለፈ፤ በ2023 ስህተት እንደ ግኝት ተወራ። በሁለቱም ጊዜ ነገሩን የለየው ሌሎች ሊደግሙት የሚችሉት ልኬት ነው።

ለሰው ምን ይፈይዳል?

የሄቪ ፈርሚዮን ውህዶች የኤሌክትሪክ መስመር አይሆኑም። በጣም ቀዝቃዛ ሥፍራ ይፈልጋሉ፤ አንዳንዶቹ ራዲዮአክቲቭ ናቸው፤ ሌሎቹ ያለ ግፊት አይሠሩም። ጥቅማቸው ሌላ ነው። ተመራማሪው ግፊቱን በመጨመርና በመቀነስ ብቻ ማግኔታዊነት ሲወለድና ሲሞት፣ ሱፐርኮንዳክተርነትም ሲከተል በአንድ ናሙና ላይ ማየት ይችላል። ይህን ያህል በግልጽ የሚታይበት ሌላ ቁስ ጥቂት ነው።

ጥያቄው ከተመለሰ፣ ያለ ግፊትና ያለ ውድ ሂሊየም የሚሠራ ሱፐርኮንዳክተር እንዴት እንደሚቀመም ፍንጭ ሊገኝ ይችላል። በፈሳሽ ሂሊየም ዋጋና አቅርቦት የሚቸገር ሆስፒታልም ሆነ ከግድብ እስከ ከተማ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ኤሌክትሪክ የምታጓጉዝ አገር ከመልሱ ተጠቃሚ ናቸው።

በጥናቱ የሚሳተፉትም አልማዝና ሂሊየም ያላቸው ቤተ ሙከራዎች ብቻ አይደሉም። ማግኔታዊነትና ሱፐርኮንዳክተርነት በአንድ ቁስ ውስጥ እንዴት አብረው እንደሚኖሩ በሒሳብ የሚመረምሩ ንድፈ ሐሳባዊ ሥራዎች ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተመራማሪዎችም ታትመዋል። በቁስ ሳይንስ ዘርፍ በነዳጅ ሴል ምርምራቸው በዓለም የታወቁት፣ አዲስ አበባ የተወለዱት ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌም ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ያገኙት ከዚያው ከበርክሊ ነው።

ሽቴግሊሽ ውጤታቸውን ካስታወቁ ከአራት አሥርት ዓመታት በላይ አልፏል። የሴሪየሙ ውህድ ዛሬም እየቀዘቀዘ፣ እየተጨመቀና እየተለካ ነው። ጥንዶቹን በትክክል ምን እንደሚያስተሳስራቸው ያለው ክርክርም አልተዘጋም።